ለአማተር ሬዲዮ ሪፒተር አስተማማኝ ኮአክሲያል ኬብል ስለ መምረጥ

የአማተር ሬዲዮ አገልግሎት በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የሬዲዮ ደንብ ዕውቅና ያለው አገልግሎት ነው። ሰዎች ለገንዘብ ጥቅም ሳይሆን ራሳቸውን ለማስተማር፣ እርስ በርስ ለመገናኘትና የቴክኒክ ምርምር ለማካሄድ ይሳተፉበታል። በአገራችን በዚህ ዘርፍ የሚታወቀው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ሲሆን፣ ኢቲ3ኤኤ በሚል የጥሪ ምልክት የሚጠራው የማኅበሩ ጣቢያ የሚገኘው በአዲስ አበባ አምስት ኪሎ ነው። የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ አጠቃቀምን የሚፈቅደውና የሚቆጣጠረው ደግሞ በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ይህ ጽሑፍ ፈቃድ ያላቸው አማተሮች፣ የቴክኖሎጂ ተማሪዎችና ሪፒተር ለመትከል የሚያስቡ ተቋማት ሊያውቁት የሚገባውን አንድ ጉዳይ ያብራራል። ጉዳዩ ሬዲዮውንና አንቴናውን የሚያገናኘው ኬብል ነው።

የእጅ ሬዲዮ አቅሙ ውስን ነው። አብዛኛው የእጅ ሬዲዮ የሚያሰራጨው ኃይል ከ5 ዋት አይበልጥም፤ ከ144 እስከ 146 ሜጋኸርዝ ባለው የአማተር ባንድ የሚጓዘው ሞገድም በአመዛኙ ቀጥታ መስመርን ስለሚከተል ኮረብታና ሕንፃ ያግደዋል። በጉለሌ ክፍለ ከተማ ጳውሎስ አካባቢ የሚኖር ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሰፈሩ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ በተዳፋት ላይ የተቀመጠ፣ ከተራራው በሚወርዱ ወንዞች የተሸነሸነና ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በፎቅ ሕንፃዎች የተሞላ ነው። በዚያ ከመንገድ ዳር በእጅ ሬዲዮ የሚናገር ሰው ድምፁ አቃቂ ለሚገኝ ባልደረባው በቀጥታ ይደርሳል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጠው የእንጦጦ ሸንተረር ላይ የሚቆም ሪፒተር ግን ጳውሎስንም የከተማዋን ደቡባዊ ዳርቻም ቁልቁል ይመለከታል። ሪፒተር ማለት ደካማውን ሞገድ ተቀብሎ በዚያው ቅጽበት በሌላ ፍሪኩዌንሲ አጠንክሮ የሚያሰራጭ ደጋሚ ጣቢያ ነው።

ጉዳዩ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በታኅሣሥና በጥር ወራት በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው የተከሰቱት ተደጋጋሚ ርዕደ መሬቶች ንዝረታቸው አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። እንዲህ ያለ አጋጣሚ ሲፈጠር ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ስልክ ስለሚደውል የሞባይል መስመር ይጨናነቃል። አደጋው የከፋ ከሆነም የኤሌክትሪክ ኃይል ይቋረጣል። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅን የመሳሰሉ ብዙ የድንገተኛ ሕሙማንን የሚቀበሉ ተቋማት ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ መረጃ የሚሹት በዚያን ሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ጄኔቫ ላይ የተካሄደው የዓለም የሬዲዮ ኮሙኒኬሽን ጉባኤ የሬዲዮ ደንቡን አንቀጽ 25 ሲያሻሽል፣ አማተር ጣቢያዎች ለአደጋ ጊዜ ግንኙነት እንዲዘጋጁ መንግሥታት ሁኔታዎችን እንዲያመቻቹ ያበረታታው በዚሁ ምክንያት ነው። በሰላሙ ጊዜ የሚሠራ መስሎ በአደጋው ሰዓት የሚጮህ፣ የሚቆራረጥ ወይም ደካማ ጥሪ የማይሰማ ሪፒተር ዋጋ የለውም። ለዚህ ብልሽት ደግሞ ከሬዲዮው ይልቅ ብዙ ጊዜ ተጠያቂው ኬብሉ ነው።

የሪፒተር ኬብል ከሌላው በምን ይለያል?

ኮአክሲያል ኬብል በመሐሉ አንድ አስተላላፊ ሽቦ፣ በዙሪያው ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ፕላስቲክ፣ በዚያ ላይ እንደ ቱቦ የሚሸፍን ሁለተኛ አስተላላፊ፣ ከሁሉም ውጪ ደግሞ መከላከያ ልባስ ያለው ኬብል ነው። ሐሳቡን እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሄቪሳይድ እ.ኤ.አ. በ1880 በባለቤትነት መብት አስመዝግቦታል። በአዲስ አበባ ጣሪያዎች ላይ ከሳተላይት ዲሽ ወደ ቤት የሚወርደው ጥቁር ወይም ነጭ ኬብል የዚሁ ቤተሰብ አባል ስለሆነ ለአብዛኛው አንባቢ እንግዳ አይደለም።

የዲሽ ኬብል ሥራው መቀበል ብቻ ነው። በቤት ውስጥ ያለ የአማተር ሬዲዮ ኬብልም በአንድ ጊዜ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይሠራል፤ ባለቤቱ ሲናገር ያሰራጫል፣ ዝም ሲል ይቀበላል። ሪፒተር ግን ሁለቱንም በአንድ ጊዜ፣ በአብዛኛውም በአንድ አንቴናና በአንድ ኬብል ይሠራል። ኢትዮጵያ በምትገኝበት የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ቀጠና 1፣ በ145 ሜጋኸርዝ አካባቢ በሚሠሩ የአማተር ሪፒተሮች የመቀበያውና የማሰራጫው ፍሪኩዌንሲ ልዩነት በተለምዶ 600 ኪሎኸርዝ ብቻ ነው። ሁለቱን የሚለየው ዱፕሌክሰር የሚባለው የማጣሪያ ሣጥን ነው።

የሥራውን ክብደት ቁጥር ያሳያል። ማሰራጫው 50 ዋት ያወጣል እንበል። በዚያው ሰዓት ተቀባዩ ሊሰማው የሚገባው ደካማ ሞገድ የአንድ ዋት ሺህ ትሪሊዮንኛ ያህል ሊሆን ይችላል። አንዱ ከሌላው በ50 ሺህ ትሪሊዮን እጥፍ ያህል ይበልጣል ማለት ነው። ሁለቱም የሚመላለሱት በዚያው አንድ የመዳብ ቱቦ ውስጥ ነው። ዱፕሌክሰሩ በማሰራጫው ሣጥን ውስጥ የሚፈጠረውን ጩኸት አጣርቶ ያስቀራል፤ ከዱፕሌክሰሩ በኋላ፣ ማለትም በኬብሉና በአንቴናው ላይ የሚፈጠረውን ጩኸት ግን ሊያጣራው አይችልም። ያ ጩኸት በራሱ በመቀበያው ፍሪኩዌንሲ ላይ ስለሚያርፍ ቀጥታ ወደ ተቀባዩ ይገባል። ለሪፒተር ኬብል ሲመረጥ ከሁሉ በላይ መታሰብ ያለበት ይህ ነው።

ስለ ኃይል ብክነት

ነጋዴውም ገዢውም መጀመሪያ የሚያነሡት የኃይል ብክነትን ነው፤ ተገቢም ነው። በ145 ሜጋኸርዝ ቀጭኑ አርጂ-58 ኬብል በ100 ሜትር ወደ 18 ዴሲቤል፣ ወፍራሙ አርጂ-213 ወደ 8.5 ዴሲቤል፣ ኤልኤምአር-400 ወደ 5 ዴሲቤል ያባክናል። ውጫዊ አስተላላፊው ወጥ የሆነ ቆርቆሯማ የመዳብ ቱቦ የሆነውና በንግድ ስሙ ሄሊያክስ እየተባለ የሚጠራው የግማሽ ኢንች ኬብል ወደ 2.8 ዴሲቤል፣ የሰባት ስምንተኛ ኢንቹ ደግሞ ወደ 1.5 ዴሲቤል ብቻ ነው።

ከጣቢያው ክፍል እስከ ማማው ጫፍ 40 ሜትር ኬብል ያስፈልጋል ቢባል፣ ከ50 ዋቱ ውስጥ አንቴናው ጋ የሚደርሰው በአርጂ-58 ከ10 ዋት ያነሰ፣ በአርጂ-213 ወደ 23 ዋት፣ በኤልኤምአር-400 ወደ 31 ዋት፣ በግማሽ ኢንቹ የመዳብ ቱቦ ወደ 39 ዋት ይሆናል። የቀረው ኬብሉን ያሞቃል። በ430 ሜጋኸርዝ ባንድ ለሚሠራ ሪፒተር ብክነቱ ወደ እጥፍ ስለሚጠጋ ጥንቃቄው የበለጠ ነው።

የማሰራጫ ኃይል ቢጎድል በትልቅ ማጉያ ይካካሳል የሚል አስተሳሰብ አለ። ስሕተቱ ኬብሉ የሚያባክነው በሁለቱም አቅጣጫ መሆኑን መርሳት ነው። ጳውሎስ ላይ ቆሞ በ5 ዋት የሚጠራው ሰው ኃይሉን ሊጨምር አይችልም፤ ከእርሱ የመጣው ደካማ ሞገድም በአርጂ-58 ወርዶ ተቀባዩ ዘንድ ሲደርስ ከአምስት እጅ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ሪፒተሩ በርቀት ጎልቶ ይሰማል፣ እርሱ ግን ማንንም አይሰማም። እንዲህ ያለውን ጣቢያ በየአገሩ ያሉ አማተሮች አፍ እንጂ ጆሮ የለውም ይሉታል።

በብክነት ብቻ ቢፈረድ ኤልኤምአር-400 ጥሩ ምርጫ ይመስላል። ዋጋው ከመዳብ ቱቦው ያነሰ፣ ለመግጠምም የቀለለ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ጩኸት የሚፈጥር ኬብል

የዚህ ዓይነቱ ኬብል ውጫዊ አስተላላፊ ሁለት ድርብ ነው። ከሥር በፕላስቲክ ላይ የተለጠፈ ስስ የአሉሚኒየም ፎይል፣ ከላይ በቆርቆሮ ብረት የተለበጠ የመዳብ ጥልፍልፍ አለው። ሁለቱ አልተበየዱም፤ የሚነካኩት በሺህ በሚቆጠሩ ጥቃቅን ነጥቦች ነው። ማማው በነፋስ ሲወዛወዝ፣ ኬብሉ ቀን ሞቆ ሌሊት ሲቀዘቅዝ እነዚህ ነጥቦች ይላቀቃሉ፣ ይገናኛሉ። ሃምሳ ዋት በሚያልፍበት ኬብል ላይ እያንዳንዱ መላቀቅና መገናኘት ቅንጣት ያህል ብልጭታ ወይም ያልተስተካከለ የጅረት ፍሰት ይፈጥራል። ሁለቱ ብረቶች የተለያዩ በመሆናቸውም እርጥበት ሲገባ በመካከላቸው የኬሚካል ዝገት ይጀምራል፤ የዛገ መገናኛ ደግሞ ሞገድ ባልተፈለገ መንገድ የሚያዛባ፣ አዲስ ፍሪኩዌንሲ የሚፈጥር ነው።

በቤት ውስጥ ጣቢያ ይህ ሁሉ አይታወቅም። ባለቤቱ ሲናገር ተቀባዩ ስለሚዘጋ የጩኸቱ ሰሚ የለም። በሪፒተር ላይ ግን ምልክቱ የማይሳት ነው። ደካማ ጥሪ ይመጣል፣ ሪፒተሩ ይነሣል፤ ማሰራጫው እንደተነሣ ኬብሉ የሚፈጥረው ጩኸት ጥሪውን ይውጠዋል፤ ተቀባዩ ጥሪ የጠፋ መስሎት ይዘጋል፣ ማሰራጫውም ይቆማል፤ ጩኸቱ ሲቆም ጥሪው እንደገና ይሰማል፣ ሪፒተሩም እንደገና ይነሣል። ይህ በሴኮንዶች ውስጥ ይደጋገማል። ቅርብ ያለና ጠንካራ ሞገድ የሚልክ ሰው ምንም ችግር አያይም። ችግሩ የሚደርሰው ሸለቆ ውስጥ ባለው፣ ባትሪው ሊያልቅ በተቃረበው፣ ከግንብ ሥር ሆኖ በሚጠራው ላይ ነው። ሪፒተሩ የተተከለው ደግሞ ለእነዚህ ሰዎች ነበር።

በፎይልና በጥልፍልፍ ኬብል ለዓመታት ያለ ችግር የሠሩ ሪፒተሮች መኖራቸው አይካድም። ኬብሉም በራሱ መጥፎ አይደለም፤ የአምራቹ የብክነት መግለጫ እውነት ነው፣ ለቤት ጣቢያም ተመራጭ ነው። ነገር ግን አዲስ ሲሆን ጸጥ ያለው ኬብል ከሁለት ክረምት በኋላ ጸጥ ማለቱን የሚያረጋግጥ ነገር የለም። ብልሽቱም መጥቶ የሚሄድ፣ በነፋስና በሙቀት የሚለዋወጥ በመሆኑ ፈልጎ ለማግኘት ያዳግታል። ባለሙያ ተራራ ወጥቶ ሲለካ ሁሉም ደኅና ይሆናል፣ ከወረደ በኋላ ጩኸቱ ይመለሳል። በሪፒተር ሥራ ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ይህን ዓይነት ኬብል ከዱፕሌክሰር በኋላ መጠቀምን የማይመክሩት ለዚህ ነው፤ ምክራቸውም የሚያሳምን ነው።

አስተማማኙ ምርጫ ውጫዊ አስተላላፊው አንድ ወጥ ብረት የሆነ ኬብል ነው። ለረጅሙ ጉዞ፣ ማለትም ከክፍሉ እስከ ማማው ጫፍ፣ የግማሽ ኢንች ቆርቆሯማ የመዳብ ቱቦ ለአብዛኛው የአማተር ሪፒተር ይበቃል። የሚላቀቅ ጥልፍልፍ የለውም፣ ሞገድ አያፈስም፣ በሁለቱ አስተላላፊዎች መካከል ያለው የአረፋ ፕላስቲክም ውኃ በቀላሉ አያሳልፍም። በክፍሉ ውስጥ ሬዲዮውን ከዱፕሌክሰሩ ጋር ለሚያገናኙት አጫጭር ኬብሎች ደግሞ በብር የተለበጠ ድርብ የመዳብ ጥልፍልፍ ያላቸው አርጂ-214፣ አርጂ-223 ወይም አርጂ-400 ይመረጣሉ። በአጫጭሮቹ ላይ ብክነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ የሚፈለገው ጋሻነታቸው ነው። ነጠላ ጥልፍልፍ ያለው አርጂ-58 በማሰራጫውና በተቀባዩ መካከል ከተዘረጋ ሞገድ ከአንዱ ወደ ሌላው ያፈሳል፤ ዱፕሌክሰሩ በብዙ ወጪ የለየውን ርካሹ ኬብል መልሶ ይቀላቅለዋል። የዱፕሌክሰሩን ክፍሎች እርስ በርስ የሚያያይዙት ኬብሎች በልክ የተቆረጡ በመሆናቸው በሌላ ርዝመት መተካት የለባቸውም።

ዝናብ፣ ፀሐይና ቅዝቃዜ

የእንጦጦ አየር ለኬብል ርኅራኄ የለውም። በአዲስ አበባ በዓመት በአማካይ ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚዘንብ ሲሆን፣ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይወርዳል፤ በረዶም አይጠፋም። በበጋ ደግሞ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ብርድ ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትር ከፍታ በ10 ከመቶ ገደማ ስለሚጨምር በተራራው ላይ ያለ ፕላስቲክ በቆላው ካለው ቀድሞ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ልባሱ ጥቁር ፖሊኢትሊን መሆን አለበት። ነጭ ወይም ግራጫ ልባስ ያለው ለቤት ውስጥ የተሠራ ኬብል ለማማ አይሆንም። በአሮጌዎቹ የአርጂ-8 ኬብሎች ልባስ ውስጥ ያለው ማለስለሻ ከጊዜ በኋላ ወደ ውስጠኛው ፕላስቲክ እየዘለቀ ብክነቱን ይጨምር ስለነበር አርጂ-213 ይህን ጉድለት በሚያስቀር ልባስ ተሠርቷል። ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ አንድ ስለሚመስሉ በልባሱ ላይ የታተመውን ጽሑፍ ማንበብ ይጠቅማል።

ከሁሉ የከፋው ጠላት ውኃ ነው። ጥልፍልፍ ያለው ኬብል ጫፉ ላይ ትንሽ ክፍተት ካገኘ የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስብ ውኃውን ወደ ውስጥ ይስባል። ቀን የሞቀው አየር ከኬብሉ ወጥቶ ሌሊት ሲቀዘቅዝ በምትኩ እርጥብ አየር ይገባል፤ በዚህ ሁኔታ ዝናብ ሳይነካው እንኳ ውስጡ ጤዛ ይቋጥራል። ይህ በመዳብ ቱቦውም ላይ በመገጣጠሚያው በኩል ሊደርስ ይችላል። መገጣጠሚያው በመጀመሪያ ራሱ በራሱ ላይ በሚጣበቅ የጎማ ቴፕ፣ በዚያ ላይ በተለመደው የኤሌክትሪክ ናስትሮ ከታች ወደ ላይ እየተደራረበ መጠቅለል አለበት። ከታች ወደ ላይ የሚባለው የላይኛው ዙር የታችኛውን እንደ ጣሪያ ክዳን እንዲሸፍነው ነው። ናስትሮ ብቻውን ጥቂት ወራት ፀሐይ ሲመታው ይላቀቃል። ኬብሉ ወደ ክፍሉ ከመግባቱ በፊትም ትንሽ ወደ ታች ዘንበል ብሎ መታጠፍ አለበት፤ ውኃው ከዚያ ይንጠባጠባል እንጂ ኬብሉን ተከትሎ ወደ ሬዲዮው አይገባም።

ኮኔክተርና አገጣጠም

ጥሩ ኬብል በመጥፎ ኮኔክተር ይበላሻል። ለሪፒተር የሚስማማው ኤን የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ በብር ወይም በነጭ ነሐስ የተለበጠ ቢሆን ይመረጣል። በኒኬል የተለበጡት ርካሽ ኮኔክተሮች ያብረቀርቃሉ፣ በገበያም በብዛት ይገኛሉ፤ ኒኬል ግን ማግኔታዊ ባሕርይ ያለው ብረት በመሆኑ ሁለት ፍሪኩዌንሲዎች አብረው ሲያልፉበት ያልተፈለገ ሦስተኛ ሊፈጥር ይችላል። መቀያየሪያ አዳፕተር መደርደርም እንዲሁ ነው። አንድ አዳፕተር የሚያባክነው ኃይል ኢምንት ነው፤ የሚያስፈራው እያንዳንዱ አንድ ተጨማሪ የሚላላና የሚዝግ መገናኛ መሆኑ ነው።

የመዳብ ቱቦው እንደ ገመድ የሚጠቀለል አይደለም። ግማሽ ኢንቹ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር ባነሰ ራዲየስ ከታጠፈ ቱቦው ይሰበራል ወይም ይጨመደዳል፤ አንዴ ከተጨመደደ ቢያቀኑትም አይመለስም። ክብደቱ በሜትር ወደ 0.22 ኪሎ ግራም ስለሆነ 40 ሜትሩ ወደ 9 ኪሎ ይደርሳል፤ ይህ ሸክም በላይኛው ኮኔክተር ላይ መንጠልጠል የለበትም። ኬብሉ በመጎተቻ መረብ ተይዞ ይነሣና በየአንድ ሜትሩ ገደማ በብረት ማሰሪያ ከማማው ጋር ይያያዛል። የፕላስቲክ ማሰሪያ ፀሐይ ስለሚሰባብረው ለጊዜው ካልሆነ አያገለግልም። ማሰሪያው ልል ከሆነ ኬብሉ በነፋስ ከማማው ብረት ጋር እየተፋተገ ልባሱን ይጨርሳል፤ ከልክ በላይ ከጠበቀም ቱቦውን ያጎብጠዋል።

መብረቅ በተመለከተ በአጭሩ፣ የኬብሉ ውጫዊ አስተላላፊ ከማማው ጫፍ፣ ከማማው ግርጌና ወደ ክፍሉ ከመግባቱ በፊት ከመሬት ጋር መያያዝ አለበት። በመግቢያው ላይ የመብረቅ መከላከያ ይገጠማል። የማማው፣ የክፍሉና የኤሌክትሪክ ቆጣሪው የመሬት ሽቦዎች እርስ በርስ ካልተያያዙ መብረቅ ሲወርድ በመካከላቸው የሚፈጠረው የቮልቴጅ ልዩነት መሣሪያውን ያቃጥላል። ይህ ሥራ ፈቃድ ባለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሠራ።

ከገበያ ሲገዛ

በልባሱ ላይ አርጂ-213 ተብሎ የተጻፈ ሁሉ አርጂ-213 አይደለም። የወታደራዊ መለያ የነበረው አርጂ ዛሬ ማንም አምራች የሚያትመው ስም ሆኗል። ገዢው ከኬብሉ ጫፍ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ልጦ ቢያይ ብዙ ነገር ይገለጥለታል። ጥልፍልፉ የሥሩን ፕላስቲክ በደንብ ካልሸፈነ፣ መዳብ የሚመስለው ሽቦ ሲፋቅ ነጭ ከወጣ፣ ወይም መሐለኛው ሽቦ ከፕላስቲኩ መሐል ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ኬብሉን መተው ይሻላል። በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም በራሱ ጉድለት አለመሆኑ ግን መታወቅ አለበት፤ የታወቁት የመዳብ ቱቦ ኬብሎችም መሐለኛ ሽቧቸው እንዲሁ የተሠራ ነው። ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ የሚሄደው በሽቦው ገጽ ላይ ነውና።

የዲሽ ኬብል ርካሽና በየሱቁ የሚገኝ በመሆኑ ለሪፒተር ይሆን እንደሆነ የሚጠይቁ አሉ። መልሱ አይሆንም ነው፤ ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚነገረው አይደለም። ኬብሉ 75 ኦም፣ ሬዲዮውና አንቴናው 50 ኦም መሆናቸው የሚያደርሰው ጉዳት አነስተኛ ነው፤ በአለመጣጣሙ የሚመለሰው ኃይል በአንድ መገናኛ ከ4 ከመቶ ገደማ አይበልጥም። ዋናው ችግር ጋሻው የአሉሚኒየም ፎይልና ሳሳ ያለ የአሉሚኒየም ጥልፍልፍ መሆኑ ነው። ይኸው ከላይ የተገለጸው ጩኸት ፈጣሪ አሠራር፣ በባሰ መልኩ ነው።

አዲስ የመዳብ ቱቦ ኬብል ውድ ነው፣ ከውጭም የሚገባ ነው። በብዙ አገሮች የአማተር ማኅበራት ይህን ችግር የሚፈቱት ከአገልግሎት ከወጡ የሞባይልና የብሮድካስት ጣቢያዎች የተነሡ ኬብሎችን በስጦታ ወይም በቅናሽ በመውሰድ ነው። መንገዱ ለአገራችንም የሚሠራ ነው፤ ተቋማት አሮጌ ማማ ሲያፈርሱ ኬብሉን ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ከመሸጣቸው በፊት ሊያስቡበት ይገባል። አሮጌ ኬብል ሲወሰድ ከሁለቱም ጫፍ ብረቱ አንጸባራቂ እስኪሆን ድረስ ይቆረጣል፤ የመዳቡ መልክ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሆኖ ከዘለቀ ውኃ ገብቶታል። የቀረው በመሣሪያ ይለካል።

መለካትና መከታተል

ብዙ ጣቢያዎች የሚተማመኑት በሞገድ ተመላሽ መለኪያ ነው። መለኪያው 1.5 ወይም ከዚያ በታች ካሳየ ሁሉ ሰላም ነው ይባላል። ይህ እምነት አደገኛ ነው፤ የሚያባክን ኬብል የራሱን ጉዳት ይሸፍናልና። ከላይ በምሳሌ የቀረበው 40 ሜትር አርጂ-58 ጫፉ ላይ አንቴና ጨርሶ ባይኖር እንኳ፣ የሄደው ሞገድ በመሄድም በመመለስም ስለሚባክን ከታች ያለው መለኪያ 1.5 ገደማ ያሳያል። ውኃ የጠጣ ኬብልም እንዲሁ በየዓመቱ እየተሻለ የመጣ ይመስላል። ንባቡ ያለ ምክንያት ከዓመት ዓመት ሲያምር መጠርጠር ያስፈልጋል።

ትክክለኛው መንገድ ኬብሉን ብቻውን መለካት ነው። የላይኛው ጫፍ ከአንቴናው ተላቆ ክፍት ይተውና ከታች በናኖ ቪኤንኤ ወይም በተመሳሳይ መሣሪያ ተመላሹ ኃይል በዴሲቤል ይለካል። ንባቡ ለሁለት ሲካፈል የኬብሉን የአንድ መንገድ ብክነት ይሰጣል። ለ40 ሜትር የግማሽ ኢንች ቱቦ ንባቡ ወደ 2.2 ዴሲቤል አካባቢ መሆን አለበት፤ ከዚህ ብዙ ካለፈ ኬብሉ ወይም ኮኔክተሩ ተጎድቷል።

ጩኸቱን ለመፈተሽ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። በመቀበያው ፍሪኩዌንሲ ላይ ለመሰማት ያህል ብቻ የሚበቃ ደካማ ሞገድ ወደ ተቀባዩ ይላካል። መጀመሪያ ማሰራጫው ጠፍቶ፣ ቀጥሎ ማሰራጫው በርቶ ይደመጣል። ማሰራጫው ሲበራ ድምፁ ከሻከረ ወይም ከጠፋ ተቀባዩ ታውሯል ማለት ነው። ከዚያ የአንቴናው ኬብል ከዱፕሌክሰሩ ይነቀልና በምትኩ ኃይሉን የሚውጥ ባለ 50 ኦም መፈተሻ ጭነት ይገጠማል፤ ደካማው ሞገድም በማቀናነሻ በኩል ይሰጣል። አሁን ችግሩ ከጠፋ ሬዲዮውና ዱፕሌክሰሩ ደኅና ናቸው፤ ጥፋቱ ከኬብሉ፣ ከኮኔክተሩ ወይም ከአንቴናው ነው። ካልጠፋ ወደ ማማ መውጣት ሳያስፈልግ በክፍሉ ውስጥ ያሉት አጫጭር ኬብሎች አንድ በአንድ ይመረመራሉ። ማሰራጫው በርቶ ሳለ ኬብሉንና መገጣጠሚያዎቹን በእንጨት እጀታ ቀስ ብሎ መታ መታ ማድረግም ይረዳል፤ በተመታ ቁጥር የሚንጫጫ መገናኛ ራሱን ያጋልጣል።

እነዚህ ልኬቶች ኬብሉ በተተከለበት ቀን ተወስደው ከቀኑና ከመሣሪያው ዓይነት ጋር በጣቢያው መዝገብ ሊሰፍሩ ይገባል። ሁለተኛው ልኬት በግንቦት፣ ዝናቡ ከመጽናቱ በፊት፣ ሦስተኛው በጥቅምት ቢደረግ ክረምቱ በኬብሉ ላይ ያደረሰው ነገር ካለ በሁለቱ ንባቦች ልዩነት ይታያል።